ቦታው ከየት ይመጣል?

ሳሙና ሲያልቅ ባለቀው ልክ ቦታ ይተርፋል። ሻማም እንደዚያው፣ እርሳስም እንደዚያው። ጥርስ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ቁመታቸው ወደ ግማሽ ወርዶ፣ በላንቃ በኩል ደግሞ እንደ ማንኪያ ጎድጉደው ሐኪም ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ የተነገረኝ «ለመሙላት ቦታ የለም» የሚል ነበር። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ጥርስ ከአፌ ጠፍቷል። የጠፋውን መልሶ ለማስቀመጥ ግን ቦታ የለም።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። የተማርኩት ምሕንድስና ነው፤ የምኖረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው። ሁለት ቁጥሮች አልገጥም ሲሉኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ይህ ጽሑፍ ያንን ያልገጠመ ቁጥር ይዤ ያነበብኩትንና የሆነብኝን የሚናገር ነው። ምናልባት እናንተም አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተኝታችሁ፣ አፋችሁ ተከፍቶ፣ መልስ መስጠት በማትችሉበት ሰዓት ያንኑ ዓረፍተ ነገር ትሰሙ ይሆናል።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ያቀረበልኝ መፍትሔ አጭር ነበር። የቀረውን ጥርስ ዙሪያውን ሞርዶ ማቅጠን፣ ነርቩን መግደል፣ ከዚያ ክራውን ማልበስ። አራቱንም፣ በሁለት ሳምንት። በዚህ መንገድ ቦታው ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ነው፤ ከራሴ ከጥርሴ። ጥርሱ በጣም ስላነሰ፣ ያነሰውን ለመሸፈን ከቀረው ላይ እንደገና ይቀነሳል ማለት ነው። ነገሩ ስህተት ነው አላልኩም። ለብዙ ዘመን በብዙ አገር እንደዚያ ሲሠራ ኖሯል። ግን «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ከጥርሴ በፊት ስለ ሆዴ ጠየቀችኝ። «ጨጓራ አለብህ?»

ሳቄ መጣ። በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ ውሎ ጨጓራ የሌለበት ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው። እሷ ግን አልሳቀችም። «ሌሊት ወደ ጉሮሮህ ይመለሳል? ጠዋት ስትነሣ አፍህ ይኮመጥጥሃል?» አዎ፣ ይኮመጥጠኛል። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የጥርስ ውጫዊ ልባስ፣ ኢናሜል የሚባለው፣ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው። ሆኖም በአፍ ውስጥ ያለው የአሲድ መጠን በፒኤች መለኪያ ከ5.5 ገደማ ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል። የጨጓራ አሲድ ደግሞ 1 እና 2 አካባቢ ነው። ያ አሲድ ከጉሮሮ ሲመጣ የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ምላስ ይጋርዳቸዋል፤ የላይኞቹ በላንቃ በኩል ጋሻ የላቸውም። አሲዱ ያለሰለሰውን ጥርስ ሌሊት ማፋጨት ሲጨመርበት ይጠረጋል። አብሮኝ የሚተኛው ወንድሜ «ሌሊቱን ሙሉ የድንጋይ ወፍጮ ስታዞር ነው የምታድረው» ይለኝ ነበር። እሷም የነገረችኝ ያንኑ ነው፣ በላቲን ቃል።

የቦታውን እንቆቅልሽ ግን የፈታልኝ አባቴ ነው።

የእኛ አገር ደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛችሁ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ ጆሯችሁ እየተደፈነ እየተከፈተ ሽቅብ ስትወጡ ጫፉ ላይ የምታገኟት ከተማ። አባቴ በከተማው ዳር አራሽ ነው፤ በጉብዝናው ዘመን በቅሎ ይነግድ ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። ዕድሜዋ እዚያ ተጽፏል። ለጥየቃ ሄጄ የጥርሴን ነገር ስነግረው፣ እንዳለቀ እያየ ቦታ እንደሌለው ስነግረው፣ ምንም አልገረመውም።

«የበቅሎ መንጋጋም እኮ እንደዚያው ነው» አለኝ። «ሣሩ ከላይ ይበላዋል፣ እሱ ከሥር ይወጣል። ባይወጣማ በአምስት ዓመቷ በራብ በሞተች።»

ልክ ነው። የፈረስ፣ የአህያና የበቅሎ መንጋጋ ረጅም ሆኖ በአጥንቱ ውስጥ ተቀብሮ ይኖርና በዓመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ እያለ ያለቀውን ይተካል። የሰው ጥርስ እንደዚያ የተከማቸ ርዝመት የለውም። ግን የራሱ ዘዴ አለው። ከላይ ሲያልቅ ጥርሱ ከነያዘው አጥንትና ድድ ቀስ እያለ ወደ ጓደኛው ይጠጋል፤ እስኪነካካ ድረስ። ለዚህ ነው ጥርሳቸው ያጠረ ሰዎች አሁንም ምግብ መግመጥ የሚችሉት። ለዚህም ነው እኔ ሦስት ሚሊ ሜትር አጥቼ በላይና በታች ጥርሶቼ መካከል ወረቀት እንኳ የማይገባው። ሰውነቴ በየዓመቱ ክፍተቱን ሲዘጋ ኖሯል። ጥሩ አስቦ ነው፤ ለጠጋኙ ግን በር ዘጋበት።

ጥያቄው እንግዲህ ተለወጠ። ጥርስ በራሱ ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቦታውን ከዘጋ፣ ወደ ኋላ ተንቀሳቅሶ መክፈት ይችላል?

ይህንን ጥያቄ በተግባር የጠየቀው ቢዮርን ዳል የተባለ ኖርዌያዊ የጥርስ ሐኪም ነው። በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ታሪክ አሳተመ። ታካሚው 18 ዓመቱ ነበር፤ የፊት ጥርሶቹ አልቀዋል፣ የኋላዎቹ ደህና ናቸው። ዳል ከኮባልትና ከክሮምየም የተሠራ፣ የሚወልቅ ቀጭን ብረት ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ኋላ አስቀመጠለት። ልጁ አፉን ሲገጥም የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብረቱ ላይ ያርፋሉ፤ መንጋጋዎቹ ግን አይነካኩም፣ አየር ላይ ይቀራሉ። ከስምንት ወር በኋላ መንጋጋዎቹ እንደገና ተገናኙ። ብረቱ ሲወልቅ ፊት ለፊት ክፍተት ተገኘ። አንድም ጥርስ ሳይሞረድ።

ክፍተቱ ከየት መጣ? በ1982 ዳልና ክሮግስታድ ይህንኑ ለመለካት በ20 አዋቂዎች የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ጥቃቅን የብረት ምልክቶች አስገብተው በኤክስሬይ ተከታተሉ። ሁለት ነገር አብሮ ይሆናል። ሸክሙን የተሸከሙት የፊት ጥርሶች ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ሸክም ያጡት የኋላ ጥርሶች ደግሞ ትንሽ ይወጣሉ። የሚበዛው ድርሻ የመውጣቱ ነው። የአባቴ በቅሎ እንደምታደርገው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ብረቱን እየተዉት መጡ። የሚወልቅ ነገር ሰው ያወልቀዋል። በምትኩ ያለቀውን ጥርስ ራሱን በኮምፖዚት፣ ማለትም በጥርስ መልክ ባለው ነጭ ሙሌት፣ ወደ ቀድሞ ቁመቱ መገንባት ጀመሩ። ቦታ ሳይኖር መገንባት! ሙሌቱ ራሱ ብረቱን ይተካል፤ መንጋጋው ለጊዜው ይለያይና በወራት ውስጥ ይገናኛል። ሁለተኛዋ ሐኪም ለእኔ ያቀረበችልኝ ይህንን ነው።

እኔም እንደ ልማዴ «ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኩ። አልተቆጣችም። የጥናቶቹን ስም ጻፈችልኝ።

ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ አነበብኩ። በ2005 በብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ዳሰሳ እስከዚያ ድረስ የተዘገበውን ሰብስቦ፣ ዘዴው ከ94 እስከ 100 በመቶ ይሳካል ይላል፤ በወንድም በሴትም፣ በወጣትም በጎልማሳም። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሳይ ደስታ አይደለም የሚሰማኝ። 100 በመቶ የሚል ሪፖርት የቡድናችን ሰው ቢያመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የቆጠርከው ምንድን ነው?» ብዬ ነው።

የተቆጠረው የመንጋጋዎቹ ተመልሶ መገናኘት ነው። ማለትም «ቦታው ይመጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። «ሙሌቱ ይቆያል ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌላም ቁጥር አለው። በ2000 ከለንደኑ የኢስትማን የጥርስ ሆስፒታል የወጣ ጥናት በ16 ታካሚዎች አፍ ውስጥ 104 ሙሌቶችን በአማካይ ለ30 ወር ተከታትሎ 89.4 በመቶው ተሳክቷል ይላል። ጥሩ ነው። በ2011 ግን ከዚያው ከለንደን የአሥር ዓመት ክትትል ታተመ፤ 26 ታካሚ፣ 283 ሙሌት። ማናቸውም ዓይነት ጉድለት ከተቆጠረ፣ የሙሌቶቹ መካከለኛ ዕድሜ 5.8 ዓመት ነው። ግማሾቹ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ተሸርፈዋል፣ አልቀዋል ወይም ቀለማቸው ተለውጧል ማለት ነው። ጥርሱን ራሱን የሚጎዳ ችግር ግን ጥቂት ነበር።

ስለዚህ ማስረጃው ሁለት ነው። ቦታው መምጣቱ በጣም አስተማማኝ ነው። ሙሌቱ ግን ጥገና ይፈልጋል። ሁለቱን አቀላቅሎ «94 በመቶ ይሳካል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ግማሹን ነው የነገራችሁ። «ኮምፖዚት ይሰበራል፣ ክራውን ይሻላል» ብሎ የሚያባርራችሁም ሌላኛውን ግማሽ።

ድክመቱንም ልናገር። ከእነዚህ ጥናቶች አብዛኞቹ የማነጻጸሪያ ቡድን የላቸውም። ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ አክሞ ማወዳደር በዚህ ዘርፍ ብርቅ ነው። የሚበዙት በስፔሻሊስት ሆስፒታል የታከሙ ጥቂት ሰዎችን ወደ ኋላ ተመልሰው የሚቆጥሩ ናቸው። ቀጠሮ ያልተመለሰ ሰው ደግሞ አይቆጠርም። በሕክምና ማስረጃ መሰላል ላይ ይህ ዝቅ ያለ እርከን ነው።

ታዲያ ለምን አመንኩት? አንደኛ፣ በተለያየ ዐሥርት፣ በተለያየ ቁሳቁስ፣ በተለያዩ ሰዎች እጅ ተሠርቶ ያው ነገር ነው የሚገኘው፤ ለምን እንደሚሆንም በኤክስሬይ ተለክቷል። ሁለተኛው ምክንያት ግን ይበልጥብኛል። በ2002 የወጣ ልኬት እንደሚለው፣ ለፊት ጥርስ ሙሉ ክራውን ሲዘጋጅ ከሚታየው የጥርስ አካል ከ63 እስከ 72 በመቶው ተሞርዶ ይወገዳል። ያ ደህና በሆነ ጥርስ ላይ ነው። የእኔ ቀድሞውንም ግማሽ ነው። ሥራ ቦታችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ባክአፕ የሌለውን ነገር አታጥፋ። ኮምፖዚቱ ቢወድቅ የምመለሰው ወደ ነበርኩበት ነው። ክራውኑ ቢወድቅ የምመለስበት የለም። ማስረጃው ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚያስችለውን መምረጥ ለእኔ ከቁጥሮቹ ይበልጥ ያሳመነኝ ነገር ነው። ክራውን ነገም አለ። የተሞረደ ጥርስ ግን አይበቅልም።

ለሁሉም ሰው እንዳልሆነም ነግራኛለች። የድድ በሽታው ያልታከመለት፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያው የሚያመው ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢምፕላንት ያለው ሰው ደግሞ ያ ኢምፕላንት አይንቀሳቀስም፤ አጥንት ላይ የታሰረ ብሎን ነው። የኋላ ጥርሶቹም አብረው ያለቁበት ሰው ሌላ ዕቅድ ያስፈልገዋል። አባቴ ለምሳሌ። ስድሳ ዓመት ቆሎ የቆረጠመ፣ በድንጋይ የተፈጨ ዱቄት የበላ አፍ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። «ላሳክምህ?» ስለው «የእኔ ሥራውን ሠርቶ ነው ያለቀ፣ ያንተ ምን ሠርቶ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስድስት ጥርስ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገነባልኝ። ስነሣ መንጋጋዬ መካከል ነፋስ የገባ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ማንም ጥናት ላይ በደንብ ያልተጻፉ ናቸው። ምግብ የሚታኘከው በፊት ጥርስ ብቻ ነው። ደግነቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ ሽሮና እንጀራ ምላስና ላንቃ ይበቃዋል። ቆሎ አይታሰብም። የጠዋት ስብሰባ ላይ «ሲስተም» ስል የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ባልደረቦቼ ለአንድ ሳምንት ሲስቁ ከረሙ፣ በሦስተኛው ሳምንት ምላሴ መንገዱን አገኘ።

እሑድ እሑድ ቀጭን የፌስታል ቁራጭ በመንጋጋዬ ነክሼ እስብ ነበር። ሳይያዝ ከወጣ አልተገናኙም። ከያዘው ተገናኝተዋል። መዘገብኩት። በሦስተኛው ወር የቀኙ የመጨረሻ መንጋጋ ያዘ። በአምስተኛው ግራው። በሰባተኛው ወር በሁለቱም በኩል ፌስታሉ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም በሽቦ አልጎተታቸውም። እስካሁን አንዱ ሙሌት ጠርዙ ላይ ተሸርፎ በግማሽ ሰዓት ተጠግኗል። ሌሊት ፕላስቲክ መከላከያ ነክሼ እተኛለሁ፤ ለጨጓራዬም ታክሜያለሁ፤ እሱ ካልቆመ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። የእኔ አፍ ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ግን ያነበብኩትን አላስተባበለም።

አሁን የምጽፈው ስለ እኔ ብዬ ብቻ አይደለም። ደጀን የምታስተምር ታናሽ እህት አለችኝ፤ ጨጓራችን አንድ ነው። ባለፈው ስሄድ ስትስቅ አየሁት፤ የላይኞቹ ጠርዝ እንደ መስታወት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ዳል፣ ስለ ኮምፖዚቱ፣ ስለ 5.8 ዓመቱ። በትዕግሥት ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«እሺ፣ እዚህ ቢሸረፍብኝስ ማን ይጠግነዋል?»

ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ እሱ ነው። ያነበብኳቸው ጥናቶች የተሠሩት ታካሚው በባቡር ወደ ሆስፒታሉ በሚመለስበት ከተማ ነው። ሙሌቱ በየጥቂት ዓመቱ ጥገና የሚፈልግ ከሆነ፣ ዋጋው የመጀመሪያው ቀን ክፍያ አይደለም። የአውቶቡስ ቲኬትም፣ ከትምህርት ቤት የሚጠየቅ ፈቃድም፣ በረሃውን ወርዶ መውጣትም ነው። ይህ ዘዴውን አያፈርሰውም። ለእሷ ግን ቅደም ተከተሉን ይለውጠዋል። መጀመሪያ አሲዱን ማስቆም፤ ሲኮመጥጣት ወዲያው በብሩሽ ከመፈተግ ይልቅ በውኃ መጉመጥመጥ፤ ጥርሷን ፎቶ አንስቶ በየስድስት ወሩ ማወዳደር። መጨመር ካስፈለገም በቅርቧ ኮምፖዚት በደንብ የሚሠራ ሐኪም አስቀድሞ መፈለግ። ጊዜ አላት። ኢናሜል በዙሪያው ሳይጠፋ የተጀመረ ሙሌት የሚጣበቅበት ያገኛል፤ ቀድሞ ማየት ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳት። የትም ብትሄድ፣ ማንም ይሁን፣ «ጥርስሽን ለመሥራት ቦታ የለም» ካላት፣ ከመስማማቷ በፊት «ታዲያ ቦታው ከየት ይመጣል?» ብላ እንድትጠይቅ። መልሱ «ከጥርስሽ እንሞርዳለን» ከሆነ «ሌላስ መንገድ አለ?» እንድትል።

ባለፈው ወር ደብረ ማርቆስ ለስብሰባ ሄዳ አንድ ሐኪም ዘንድ ገባች። ማታ ደወለችልኝ።

«ጠየቅኩት» አለች።

«ምን አለሽ?»

«ወንበሩን አቀናና ቁጭ አደረገኝ። ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ይሥልልኝ ጀመር።»